አቶ ደጀኔ ያመጣት ልጅ

እትዬ መንበረ ሞተው የተገኙት ለፎቶ ተስተካክለው ነው።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዋና ኢንስፔክተር ሙሉዓለም ፎቶ ታረቀኝ የተባለውን ስቱዲዮ በር ገፍታ ስትገባ አሮጊቷ ደንበኛ ፎቶ በሚነሣበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ከጀርባቸው ሐይቅና የእብነ በረድ ደረጃ የተሣለበት ሸራ ተወጥሯል። ዲላ እንዲህ ያለ ሐይቅም ደረጃም ኖሯት አያውቅም፤ ሆኖም የከተማዋ ሴቶች ስልሳ ዓመት ሙሉ እዚያ ሐይቅ ዳር ፎቶ ሲነሡ ኖረዋል። የእትዬ መንበረ ነጠላ ፀጉራቸውን አንድም ሳያስቀር ሸፍኗል። እግራቸው ገጥሟል፤ ጉልበታቸው ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። ግራ እጃቸው በቀኙ ላይ ተደርቦ ጭናቸው ላይ አርፏል፤ ሁለቱም አውራ ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈው አይታዩም።

ሳጅን ይዲድያ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው፣ ቀላል ሞት የሚወድ ሰው ነው። «ዕድሜ ነው ኢንስፔክተር» አለ። «ቁጭ እንዳሉ ነው ያለፉት።»

«አውራ ጣቱን ደብቆ የሚሞት ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ሳጅኑ የራሱን አውራ ጣት አየ።

እትዬ መንበረ የስቱዲዮው ባለቤት አልነበሩም፤ የባለቤቱ ሚስትም አልነበሩም። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ተቀጥረው በሰባ አራት ዓመታቸው እዚያው የሞቱ ሪታች ሠሪ ናቸው። ሪታች ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ ኔጋቲቭ ላይ በቀጭን እርሳስ እየነካኩ ፊትን ማስተካከል ነው። የፈንጣጣ ጠባሳ ይጠፋል፣ ንቅሳት ይጠፋል፣ የከሳ ጉንጭ ይሞላል። ወንዶቹ የግንባራቸው መስመር እንዳይነካ ያዝዙ ነበር፤ ግርማ ነዋ። የሴት ፊት ግን እንደተፈጠረ ከዚያ በር ወጥቶ አያውቅም። ባለቤቱ አቶ ታረቀኝ ከአሥር ዓመት በፊት ሲሞቱ ስማቸው በሰሌዳው ላይ ቀረ፤ እትዬ መንበረ ደግሞ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል።

ሐኪሙ አስከሬኑን አይቶ ብዙም አላመነታም። የታችኛው ከንፈር ከውስጥ በኩል በራሳቸው ጥርስ ተቆርጧል፤ አፍንጫቸው ውስጥ ጥቁር ክር ተገኝቷል። ክሩ የመጣው ፎቶ አንሺው ድሮ ራሱን ከሚሸፍንበት የካሜራ ጨርቅ ነው። ታፍነው የሞቱት እሑድ ከሰዓት፣ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ዝናብ ይወርድ ነበር። በረንዳው ላይ የምትሰፋው ትጊ የልብስ ስፌት መኪናዋን ይዛ ወደ ውስጥ ገብታ ስለነበር የገባ ሰው የወጣ ሰው አላየችም።

ጥቁሩ ጨርቅ ግን ካሜራው ላይ በአራት ታጥፎ ተቀምጧል። ሙሉዓለምን ነገሩ አልዋጥላት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ገድሎ ይሸሻል። ይህኛው ገድሎ ጨርቅ አጥፏል፣ ነጠላ አስተካክሏል፣ እጅ አደራርቧል። ችኮላ አልነበረበትም፤ ወይም ሥርዓት ከችኮላው በልጦበታል።

በግድግዳው ሙሉ የእንጨት መሳቢያዎች በፊደል ተራ ተደርድረዋል። ውስጣቸው ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የተነሡት ኔጋቲቮች አሉ፤ እያንዳንዱ ቁጥር በተጻፈበት ፖስታ ነው። የ«ወ» መሳቢያ ተበርብሮ ፖስታዎቹ ተዘበራርቀዋል። የ«አ»ም እንዲሁ። ከቀሩት መካከል አቧራው ከመያዣው ላይ የተጠረገው የ«ደ» መሳቢያ ብቻ ነው። እሱ ውስጥ አንድም ፖስታ አልተዛነፈም። ሙሉዓለም ቁጭ ብላ ፖስታዎቹን አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር ስታመሳክር አንድ ቁጥር ጎደለ። መዝገቡ ላይ በዚያ ቁጥር አንጻር እንዲህ ይላል፦ «412። ሚያዝያ 1963። አቶ ደጀኔ፣ ከጪጩ፣ ያመጣት ልጅ። ለብቻ።» ከሥሩ በሌላ እጅ፣ በቀጭን እርሳስ፣ «ሪታች፦ ዓይን፣ ከንፈር፣ አንገት» ተብሎ ተጽፏል።

በመስኮቱ ሥር ካለው የሪታች ጠረጴዛ አጠገብ፣ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ፣ ቀለም ማቅጠኛ፣ አኳራጅ፣ የሚሸት ጥጥ ነበር። ጥጡ ጠቁሯል። ሙሉዓለም በጣቷ ስትነካው የእርሳስ ጥላሸት ለቀቀባት።

የመምሪያው ኃላፊ ግን ጥጥም መሳቢያም መስማት አልፈለገም። የታሰረ ሰው ነበረውና። ሚሊዮን የአቶ ታረቀኝ የወንድም ልጅና ወራሽ ነው፤ ቤቱን አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት ሲል እትዬ መንበረ አልወጣም ብለውት ሰፈር የሰማው ጥል ነበራቸው። ቁልፍ አለው። አስከሬኑን ያገኘውም እሱ ነው። «ምን ቀረሽ?» አላት ኃላፊው። «ነገ ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል።» እሷም እስከዚያ የኔ ቀን ነው ብላ ወጣች።

ሚሊዮን እጁ በካቴና እንደታሰረ ሲያወራ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ለእትዬ መንበረ እንባ አልነበረውም፤ ለራሱ ግን ሞልቶታል። ብዙ ለፈለፈ፤ ከልፍለፋው ሁሉ አንድ ነገር ረባ። እሑድ ጠዋት፣ አሮጊቷ ቅዳሴ ሳሉ፣ በሩን ለሙሌ ከፍቶለት ነበር። ሙሌ የታወቀ የቡና ላኪ ነው፤ በሟች አባቱ በአቶ ወንድይራድ ስም ቤተ መጻሕፍት ሊያሠራ መሠረት አስቆፍሯል።

«ለአባቴ መታሰቢያ የሚሆን አሮጌ ፎቶ አለኝ አለ» አለ ሚሊዮን። «ሁለት መሳቢያ ሲያምስ ቆየና ባዶ እጁን ተበሳጭቶ ወጣ። እኔ ምን አገባኝ ብዬ ነው።»

«ደጀኔ የሚባል ሰው ታውቃለህ?»

«የትኛው ደጀኔ?» አለ ሚሊዮን፤ ከልቡ ነበር የጠየቀው።

ቀጥላ ያነጋገረችው ናፍቆትን ነው። ናፍቆት ከአዲስ አበባ መጥታ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትሠራለች፤ የምታጠናው እነዚያን ፎቶዎች ነው። በመጪው ሳምንት ኤግዚቢሽን ትከፍታለች። ዓይኗ ከለቅሶ ቢያብጥም ስለ ሥራዋ ስትጠየቅ ድምፅዋ ወዲያው ጠነከረ። ሴት ለብቻዋ ፎቶ የምትነሣው አብዛኛውን ጊዜ ለእጮኛ ቤት ለመላክ እንደነበር አስረዳች። ግራ እጅ ከላይ ይሆናል፣ ቀለበት እንደሌለባት እንዲታይ። አፍ ይዘጋል። አውራ ጣት ይደበቃል፣ ምክንያቱም ሥራ የሚያስታውቀው በአውራ ጣት ነው፤ ሙሽራ ደግሞ ሠርታ የማታውቅ፣ ገና የምትሠራ መሆን አለባት።

«ሺህ ሦስት መቶ ሴት ቆጥሬያለሁ ኢንስፔክተር። በስሟ የተመዘገበች አንድም የለችም። ሚስት በባሏ፣ ልጅ በአባቷ። ሁለቱም ካልሆነች ባመጣት ሰው። በቃ፣ አርካይቩ የወንዶች ነው።»

እትዬ መንበረ ባለፈው ወር አንድ ነገር አሳይተዋት ነበር። ኔጋቲቩን በአኳራጅ ሲጠርጉት እርሳሱ ይለቅና የፊቱ እውነት ይመለሳል። ናፍቆት አበደች በደስታ። ሁለቱን ጎን ለጎን ልትሰቅል ወሰነች፤ የተስተካከለው በአንድ በኩል፣ የታጠበው በሌላው።

«ለዋናው ግድግዳ ወይዘሮ ቆንጅትን ቃል ገቡልኝ። የሙሌን እናት። ‹ፊቷን አጥፍቼዋለሁ፣ ሰኞ አወጣልሻለሁ› አሉኝ። በጣም ስትሮንግ ነው የሚሆነው ብለው...» እዚህ ላይ እትዬ መንበረ እንዲህ ያለ ቃል እንደማይናገሩ ትዝ አላትና አቋረጠች።

«ወይዘሮ ቆንጅትን ጠየቅሻቸው?»

«ከቤተሰቡ ፈቃድ አለኝ። ከልጃቸው። ኤግዚቢሽኑን ስፖንሰር የሚያደርገውም እሱ ነው። ስለ መታጠቡ ስነግረው ግን ፊቱ ተለዋወጠ።»

ሙሉዓለም ወደ መሳቢያዎቹ አመለከተቻት። «የወይዘሮ ቆንጅትን ለብቻ የተነሡትን ፎቶ አውጪልኝ።»

ናፍቆት ሳታስብ ወደ «ወ» ሄደች፤ ወንድይራድ ነው። እዚያ ያገኘችው የሠርጉን ብቻ ነበር፤ ቁጥር 431፣ ግንቦት 1963። ጥቂት አሰበችና ወደ «አ» ሄደች፤ የሴትየዋ አባት አሰፋ ይባላሉ። እዚያም አልነበረም። «እትዬ ራሳቸው ነበር የሚያወጡልኝ» አለች እጇን ዘርግታ።

የወይዘሮ ቆንጅት ቤት ሳሎን ውስጥ ያ ቁጥር 431 በር በሚያህል ፍሬም ተሰቅሏል። አቶ ወንድይራድ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል። ልጅቷ በስተኋላ ቆማለች፣ እጇ ትከሻቸው ላይ ነው፤ ከኋላዋ ያ የሌለ ሐይቅ። ወይዘሮ ቆንጅት ከፎቶው ሥር ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ተቀበሏት። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጀርባቸው ግን ሶፋውን አይነካም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደራርበዋል። ሙሉዓለም እጃቸውን ስታይ ስለ ጠፋው ፎቶ የጠየቀችውን ጥያቄ ራሷ ረሳችው። ግራው ከላይ ነው። አውራ ጣቶቹ የሉም።

ሙሌ ከእናቱ በፊት መለሰ፣ ከእናቱ በላይም ጮኸ። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሲቆጣ አሥራ ሦስት ይመስላል። የሚሊዮን ቃል ሲነበብለት መሳቢያዎቹን መፈተሹን አመነ። አባቱ የተከበሩ ሰው ናቸው፣ በስማቸው ቤተ መጻሕፍት ሊሠራ ነው፣ አንዲት ተማሪ የእናቱን ፊት አሳጥባ ግድግዳ ላይ ልትለጥፍ ነው። ምን እንደሚመጣ አላወቀም፤ ብቻ ደስ አላለውም። በ«ወ» ፈልጎ አጣ፣ በ«አ» ፈልጎ አጣ፣ ሄደ። ደጀኔ? እንዲህ የሚባል ሰው ሰምቶ አያውቅም።

«እርስዎስ እማማ፣ ከእትዬ መንበረ ጋር ይተዋወቁ ነበር?» አለች ሙሉዓለም።

«አርብ ዕለት እዚህ መጥታ ነበር። አሮጊት ለአሮጊት ስለ ድሮ አወራን።»

ስለ ሠርጋቸው ስትጠይቃቸው ደስ ብሏቸው ተናገሩ፤ ደጋግመው የተናገሩት መሆኑ ያስታውቃል። በወግ በማዕረግ ነው የተዳሩት። ባላቸው በክፉ ዓይን አይተዋቸው አያውቁም። ወላጆቻቸው ፍስሐ ገነት ነበሩ። ከሠርጉ በፊት ስድስት ሳምንት ዲላ አጠገብ ባለችው ጪጩ እንግዳ ሆነው ተቀምጠው፣ ሙሽራው ከዚያ ነው አጅቦ የወሰዳቸው። እሑድ ከሰዓት? ተኝተው ነበር፣ ዝናብ እንቅልፍ ይጥልባቸዋል።

ሙሉዓለም አመስግና ወጣች። ባጃጁ ውስጥ ገብታ ግን ለሹፌሩ የት እንደምትሄድ ሳትነግረው ቆየች። አባትና እናቷ በሕይወት ያሉ ሙሽራ ከአባቷ ቤት ነው የምትወጣው። የምታውቀውን ነገር ባላወቀች ወደደች፤ ሚሊዮን ግን የማይወደድ ሰው ቢሆንም ያልሠራውን ሊሸከም ነው።

በአሥራ አንድ ሰዓት ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚሊዮን ከነካቴናው ከሳጅን ይዲድያ ጎን ተቀመጠ። ናፍቆት የሪታቹ በርጩማ ላይ፣ ሙሌ አግዳሚው ላይ ተንሰራፋ። ወይዘሮ ቆንጅት መጨረሻ ሲገቡ ባዶ የቀረው የደንበኛው ወንበር ብቻ ነበር። ሙሉዓለም ሆን ብላ ነው ያስቀረችው፤ በዚህ ሥራዋ በኋላ ብዙ ቀን አፍራለች። ወይዘሮ ቆንጅት ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን ወደ ፊት ሳብ አደረጉ፣ ጉልበታቸውን ገጠሙ፣ እጃቸውን አደራረቡ።

ሳጅን ይዲድያ «በስመ አብ» አለ ቀስ ብሎ። ጠዋት ያየው አስከሬን ተመልሶ የተቀመጠ መሰለው።

«ከእጁ ልጀምር» አለች ሙሉዓለም። «እትዬ መንበረን የገደለ ሰው ከገደላቸው በኋላ አስተካክሏቸዋል። ሚሊዮን እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። ሙሌም አያውቅም፤ ወንድ እዚህ ወንበር ላይ እጁን የት እንዲያደርግ የነገረው የለም። ናፍቆት ታውቃለች፣ ከመጽሐፍ። ይህን ያደረገው እጅ ግን አላሰበም፤ ለምዶበታል።»

ሙሌ ሊናገር አፉን ከፈተ። ዝም አሰኘችው።

«እጅ ብቻውን ሰው አያስከስስም። ወደ መሳቢያው እንሂድ። የጠፋው የእማማ ቆንጅት ፎቶ ነው። ፈላጊው ብዙ ነበር። ሙሌ በአባቱ ስም ፈለገ፣ በአያቱ ስም ፈለገ፣ አላገኘም። ናፍቆት ዛሬ በፊቴ ያንኑ አደረገች፤ እሷም አላገኘችም። ፎቶው ግን በሦስተኛው መሳቢያ ነበር፣ እሑድ ከሰዓት የመጣው ሰው ደግሞ ሌላ ምንም ሳይነካ ቀጥ ብሎ ሄዶ አወጣው። አቶ ደጀኔ ያመጣት ልጅ። ሚስት ቢሆኑ በባላቸው ይገቡ ነበር። ከአባታቸው ጋር ቢመጡ በአባታቸው። ሁለቱም አልነበሩም። እንግዲህ ያን ቀን ማን እንዳመጣቸው የሚያውቅ ማን አለ? አቶ ወንድይራድ ሞተዋል። አቶ ታረቀኝ ሞተዋል። ደጀኔን ጪጩ አጠያይቄ፣ ከሞተ ሠላሳ ዓመቱ ነው አሉኝ። እትዬ መንበረ ይኸው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የቀረችው ልጅቷ ናት።»

በረንዳው ላይ የትጊ መኪና ትንሽ ሰፋና ቆመ፤ ትጊም ጆሮዋን ጥላ ነበር።

«እናቴ ያልሽውን አላደረገችም» አለ ሙሌ።

«ተው ልጄ» አሉ ወይዘሮ ቆንጅት። እጃቸውን አላላቀቁም። «አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከገበያ መንገድ ነው የወሰዱኝ፣ አባትህ ከነጓደኞቹ። ደጀኔ ቤት ዘጉብኝ። አባቴ ከሶ ነበር፤ ሽማግሌ ሲላክበት ልጄን ካላየሁ አለ። እንዴት ያሳዩኝ በዚያ ፊት? ዓይኔ አይከፈትም ነበር። እዚህ አመጡኝ። መንበረ እጄን በእጄ ላይ አደረገችልኝ፣ አውራ ጣትሽን ደብቂ አለችኝ። ከዚያ በእርሳስ ፊቴን ሠራችው። ፎቶውን ለአባቴ ወሰዱለት። ‹እነኋት፣ አልተነካችም፣ ተስማምታለች።› አባቴ አየው። ክሱን ተወ።»

ናፍቆት ታለቅስ ጀመር።

«አታልቅሺ» አሏት ወይዘሮ ቆንጅት፣ ሳይቆጡ። «እኔ የፈራሁት ይሄንን ነው። ሃምሳ አምስት ዓመት በዚህ ከተማ አንገቴን ቀና አድርጌ ኖሬያለሁ። አንቺ ግድግዳ ላይ ትሰቅይኛለሽ፣ ሰው ተሰልፎ ከንፈሩን ይመጥልኛል። መንበረ አርብ መጣች፤ ‹ያጠፋሁትን ፊት እመልሳለሁ፣ ሳልሞት ንስሐዬ ነው› አለች። ለምኛት ነበር። እሑድም ሄጄ ‹አጥቤ ቦታው መልሼዋለሁ› ስትለኝ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ንስሐው የሷ ነው፣ ፊቱ ግን የኔ ነው አልኳት። መጀመሪያም ማንም አልጠየቀኝም፤ አሁንም ማንም አልጠየቀኝም።»

«ከዚያስ?» አለች ሙሉዓለም።

«እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን እንዴት እንዳስቀመጠችኝ ልታሳየኝ። ‹እንዲህ ነበርሽ፣ ትዝ ይልሻል?› አለች። ፈገግ ብላ። ጨርቁ ከኋላዋ ነበር።» ወይዘሮ ቆንጅት የራሳቸውን እጅ አዩ። «እጇን ግን ተሳስታ ነበር። ቀኙን ነው ከላይ ያደረገችው። ነፍሷ ስትወጣ አስተካከልኩላት።»

ሙሌ ብድግ አለ። ወደ እናቱ የሚሄድ መስሏቸው ነበር፤ እሱ ግን እዚያው ቆሞ «አባባ እንዲህ አያደርግም» አለ። የእናቱን ፊት እያየ ነው ያለው።

«አንተ የተወለድከው ጥር ላይ ነው» አሉት። «ሠርጉ ግንቦት መጨረሻ ነበር። ቁጠር።»

ሙሌ ቆጠረ። ሲቆጥር ሁሉም አዩት። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወጣ፣ የመኪናው ሞተር ሲነሣ ተሰማ።

ወይዘሮ ቆንጅት ከደረታቸው ውስጥ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ለሙሉዓለም ሰጡ። የእጅ መዳፍ የሚያህል ኔጋቲቭ ነው። ሙሉዓለም ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ተመለከተችው። በኔጋቲቭ ላይ ጥቁር ነጭ ስለሚሆን፣ በልጅቷ ግራ ዓይን ዙሪያ ያለው እብጠት ያበራ ነበር።

«ለምን አላቃጠሉትም?»

«ከሠርጉ በፊት የተነሣሁት ሌላ የለኝም» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ቀንሰው ጠየቁ። «አሁን አይታይም አይደል?»

ሙሉዓለም ልትዋሽላቸው ትችል ነበር። አልዋሸችም። «ማስረጃ ነው እማማ። መዝገብ ውስጥ ይገባል። ዐቃቤ ሕግ ያየዋል፣ ዳኛ ያየዋል፣ ጠበቃዎም ያየዋል። ታትሞ ነው የሚቀርበው።»

«ትልቅ ሆኖ?»

«ትልቅ ሆኖ።»

ወይዘሮ ቆንጅት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳጅን ይዲድያ ካቴናውን ከሚሊዮን ላይ ፈትቶ ይዞ መጣ፤ ሊያስራቸው እጃቸውን ሲያላቅቅ አውራ ጣቶቹ አልታዘዙለትም፣ አንድ በአንድ መዘርጋት ነበረበት።

ማክሰኞ ጠዋት ሚሊዮን ተፈታ። ከመምሪያው ግቢ ሳይወጣ ስልክ አውጥቶ የቤቱን አፍራሾች ለሐሙስ ቀጠረ። ናፍቆት ከቀትር በፊት ማመልከቻ አስገባች፤ ጉዳዩ በፍርድ ሲያልቅ የቁጥር 412 ቅጂ ለጥናት እንዲሰጣት ትጠይቃለች። ደብዳቤው በጥሩ ሁኔታ የተጻፈ ነው፤ ሙሉዓለም አንብባው መሳቢያዋ ውስጥ ጣለችው።

ከሰዓት በኋላ የምርመራ ፎቶ ባለሙያዋ ማርቲ ኔጋቲቩን አሳድጋ አትማ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ወሬው ግቢውን አዳርሶ ስለነበር ፖሊሶቹ እየገቡ አዩት። ልጅቷ ሐይቁ ዳር ተቀምጣለች። ግራ ዓይኗ ተደፍኗል፣ ከንፈሯ ተሰንጥቋል፣ አንገቷ ላይ አራት ጣት በግልጽ ይቆጠራል። እጆቿ በሥርዓት ተደራርበዋል፤ አውራ ጣቶቿ የሉም። ከፖሊሶቹ አንዱ ረዥም ጊዜ አየና «ቆንጆ ነበሩ ለካ» አለ።

ሙሉዓለም ፎቶውን ከፊቱ አነሣችው። ወደ ኤግዚቢት ማስረጃ ፖስታ ከተተችውና ለሳጅን ይዲድያ ሰጠችው። ሳጅኑ ብዕሩን ይዞ፣ «ባለቤት» የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ።

«በማን ስም ላስገባው?» አለ። «በባላቸው? ወይስ መዝገቡ እንዳለው በደጀኔ?»

«በራሳቸው ስም ጻፍ።»

ሳጅኑ ቆንጅት አሰፋ ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቀጥሎ ባለው መስመር ላይ፣ ቅጹ ስለሚጠይቅ፣ በሰው መግደል ወንጀል የተጠረጠሩ ብሎ ጨመረበት፤ ፖስታውን አሽጎም መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።